በጣት የሚጋለብ ፈረስ

እኛ አገር ሰው ሲወለድ ፈረሱ ደጅ ታስሮ ይጠብቀዋል። ማጋነን እንዳይመስላችሁ። እኔ ራሴ ዘንገና ሐይቅ ዳር ስጋልብ ጥላየን ቀድሜ ቤቴ ገብቻለሁ፤ ጥላየ በማግስቱ ደክሞት መጣ። ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው በስተርጅናው ፈረስ ያስደነቀው የት ይመስላችኋል? ኮምፒውተር ቤት!

ልጄ ይታይሽ ለጸሐፊነት ተወዳድራ፣ በታይፕ ፍጥነት ወደቀች። እያንዳንዱን ፊደል እንደ ጠፋ መርፌ አጎንብሳ ስትፈልግ ሰዓቱ አለቀባት። ደግነቱ ሁለተኛ ዕድል ሰጧት። ይኼም ካመለጣት ግን ጫግኒ አክስቷ ዘንድ ወርዳ እህል ልትሸጥ ነው። እህል መሸጥ ነውር ሆኖ አይደለም። ግን እሷ ከሄደች እኔ ከማን ጋር ልጨቃጨቅ?

ፈተናው ሲቃረብ አንድ ወዳጄ፣ ልጅህ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ኮምፒውተር ቤት ጌም ስትጫወት ትውላለች ብሎ ነገረኝ። ከዘራየን ይዤ ገሰገስሁ። ልቆጣ አፌን ስከፍት፣ ስክሪኑ ላይ ቦራ ፈረስ ይጋልባል! ፊደል ብቅ ይላል። ይታይሽ በትክክል ስትነካው ፈረሱ ይስፈነጠራል፤ ስትሳሳት ይደናቀፋል። ጣት ለማፍጠን የተሠራ ጨዋታ ነው አሉኝ። ማን አሰበው? እጁ ይባረክ! አለንጋ ያላስገባውን ትምህርት ፈረስ ሲያስገባው አያችሁ?

ቁጣየ የት እንደገባ እንጃ።

«ጣትሽን ምን ታያለሽ? ጋላቢ የፈረሱን እግር ያያል እንዴ? ፊት ለፊት እይ!»

«አባየ፣ ቀስ ይበሉ፤ ሰው ይሰማል» አለች። ግን ቀና አለች። ያን ጊዜ ፈረሱ ነጎደ!

ጥቂት እንደጋለበች አላስቻለኝም። «በይ ውረጂ፤ ላቡ ይድረቅለት!»

የቤቱ ባለቤት በሳቅ ፈረሰ። «አባት፣ ይኼ እኮ አይደክመውም።»

«አንተ መቼ ጋልበኸው ታውቃለህ!» አልሁት። ፈረሱ ሲያርፍ ጣቷም አረፈ፤ ስትመለስ ይብስ ፈጠነች። ኋላማ የጣቷ ንፋስ ጎረቤት ያሰጣውን ልብስ ያደርቅ ጀመር። ያውም በእንጅባራ ክረምት!

የፈተናው ዕለት በመስኮት አጮልቄ አየሁ። ስክሪኑ ላይ ባዶ ገጽ ብቻ፤ ፈረስ የለም። ይታይሽ ደርቃ ቀረች። አንገቷ ወደ ጣቶቿ ማዘንበል ሲጀምር ጫግኒ ታየችኝ። መጮህ አይፈቀድ። ምን ላድርግ? ከዘራየን በእግሮቼ መሀል አስገብቼ፣ በመስኮቱ ፊት ሽምጥ ጋለብሁ!

ዘበኛው ደንግጦ ምን እንደሆንሁ ቢጠይቀኝ፣ ፈረስ እያናፈስሁ ነው አልሁት። ይታይሽ ቀና ብላ አየችኝና ሳቋን ዋጠች። ከዚያ በኋላ ጣቷን አላየችም። እኔም አላየሁትም፤ ከፍጥነቱ የተነሳ አይታይም ነበራ!

አለፈች። ዛሬ እናንተ ተናግራችሁ አፋችሁን ሳትዘጉ ደብዳቤው አልቋል። ባለፈው እኔም ጉዳይ ነበረኝ፤ ባንድ ትንፋሽ ጻፈችልኝ። ደብዳቤው ለፊርማ አለቃዋ ዘንድ ገባ። እነሆ እስካሁን አልወጣም። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል የለ? የእኛውም ፈረስ አለቃዋ በር ድረስ አድርሶን ቆመ።

ቢቸግረኝ ኮምፒውተር ቤቱ ተመልሼ፣ ለሚፈርም ሰው የሚሆን ፈረስ እንዳለው ባለቤቱን ጠየቅሁት።

«አባት፣» አለኝ፣ «ለእሱስ አህያም አልተሠራለት።»