ፈረስ የተሳለበት ከረጢት

የጆሃንስበርግ ሰው በእሳት አይቀልድም። በመንግሥት ይቀልዳል፣ በመብራት መጥፋት ይቀልዳል፣ በገዛ አማቱም ፊት ለፊት ይቀልዳል፤ ነገሩ «ብራይ» ብሎ የሚጠራው የግቢ ጥብስ ላይ ሲደርስ ግን ፊቱ ይኮሳተራል። እሳቱን ማን አነደደው? በምን እንጨት? ፍሙስ በስሏል ወይ? እኛ አበሾች በበኩላችን ስለ እንጨት ተጨንቀን አናውቅም፤ የእኛ ጭንቀት ሥጋው ነው። ሥጋ ቤት ገብተን የትኛው ብልት እንደሆነ፣ ጮማው የት እንዳለ፣ በሬው መቼ እንደታረደ እየጠየቅን ቆራጩን ቁም ስቅሉን እናሳየዋለን፤ ከዚያ ግማሹን እሳት ሳያየው እንጨርሰዋለን። እንደኔ በሁለቱ መካከል የኖረ ሰው ታዲያ የሁለቱንም ጭንቀት ይወርሳል፤ ችሎታቸውን ግን አይወርስም።

ምድጃውን ያገኘሁት ከመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ነው። የዚህ አገር ሰው ሲመረው ቤተሰቡን ጠቅልሎ ወደ አውስትራሊያ ይሄዳል፤ እሱም ሲሄድ ፔሌት ግሪሉን ለእኔ ተወልኝ። ፔሌት ማለት፣ ለማታውቁት፣ ሰጋቱራ ተጨምቆ እንደ እርሳስ ቀጥኖ የተቆራረጠ ማገዶ ነው። በምድጃው ጎን ባለው ሣጥን ውስጥ ትጨምረዋለህ፣ ሶኬቱን ትሰካለህ፣ ሙቀቱን በቁልፍ ታዛለህ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ራሱ በትንሽ በትንሹ እየቆነጠረ ለእሳቱ ያጎርሰዋል። አንተ ወንበር ላይ ተቀምጠህ እንደ ሹም ትቆጣጠራለህ። ማራገብ የለ፣ ዓይን መጥበስ የለ። ለእኔ ዓይነቱ መሐንዲስ ከዚህ የተሻለ ነገር አልተፈጠረም። ባልደረባዬ በተወልኝ ትርፍራፊ ፔሌት አንድ ዶሮ አጨስኩ፣ ማለትም በጭሱ ቀስ ብዬ አበሰልኩ፤ ባለቤቴ ትዕግስት እንኳ፣ ለምስጋና የማትቸኩለው ሴት፣ «ይበላል» አለች።

ይህ ሁሉ ከልጄ ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። ቆዩኝ።

አንዲት ልጅ ናት ያለችን፤ ማህሌት ትባላለች፤ ሆስፒታል ውስጥ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን «አባዬ፣ የፊታችን ቅዳሜ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው፤ ፕሊስ፣ ጥሩ ሁን» አለችኝ። ልጁ ተመስገን ይባላል። ተወልዶ ያደገው ሆሳዕና ነው፤ ቶኮዛ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ስፓዛ፣ ማለትም ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ አለው። እኛ ቢሮ የምንገባው አበሾች ስፓዛ የሚነግዱትን ልጆች በማኅበር ስብሰባ ላይ «ወገኖቻችን» እንላቸዋለን፤ ልጃችንን የጠየቁ ዕለት «ባለሱቆቹ» ይሆናሉ። እኔም ከዚህ የጸዳሁ አይደለሁም። ነገር ግን እንቅልፍ የነሳኝ ሱቁ አልነበረም። ልጁን ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ «አባባ» ብሎ አንገቱን ደፋ። ይህ ምን ይነግረኛል? የልጅቷ አባት ፊት ጨዋ ያልሆነ ጎረምሳ እስከ ዛሬ አላየሁም። ዞር ሲል ምን ዓይነት ሰው ነው? እሱን ነበር ማወቅ የፈለግሁት።

ለዚህ ደግሞ ደጉ ባህላችን መላ አለው። ሽማግሌ ሲመጣ ጥያቄውን ቆሞ ነው የሚያቀርበው። ተቀመጥ ቢሉት አይቀመጥም፤ ቅመስ ቢሉት፣ እሺታውን ሳይሰማ ውኃም አይቀምስም። የልጅቷ ወገን ደግሞ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። «እንመክርበታለን» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል፤ በቀጠሮው ቀን ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል። የአባት ክብር የሚለካው በቀጠሮው ርዝመት ነው። እኔም ክረምቱ እስኪያልፍ አመላልሳቸዋለሁ፣ በመሐሉ ስለ ልጁ አጠያይቃለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። ግልጹን ልንገራችሁ፤ ልጁ መልአክ ሆኖ ቢገኝም ማህሌት እንድትሄድ አልፈለግሁም። ማታ ከሥራ ስትመለስ የበሩን ቁልፍ ስታንቀጫቅል መስማት ለምጃለሁ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ተንኮሉ የመጣልኝ። ሽማግሌዎቹ አይበሉም፤ ጥሩ። ግን ማሽተትን የከለከለ ባህል የለም። ከማለዳ ጀምሬ ፍርምባ ባጨስ፣ ምድጃውንም መግቢያው በር አጠገብ ባቆመው፣ ጠረኑ አፍንጫቸውን ይዞ ግቢ ያስገባቸዋል፤ ምራቃቸውን እየዋጡ ጥያቄያቸውን ያቀርባሉ፤ ቀጠሮ ይዘው በባዶ ሆዳቸው ይመለሳሉ። የማን ቤት እንደመጡ መንገዱን ሙሉ እያሰቡት ይሄዳሉ። አንደኛው ሽማግሌ በሜይፌር ሰፈር የጨርቅ መደብር ያላቸው አቶ ሸምሱ መሆናቸውን ስሰማ፣ ከዚያው ከሜይፌር ሐላል ሥጋ ቤት የእሳቸውን ቁራጭ ለብቻ ገዛሁ፤ በሃይማኖት ምክንያት ከጉጉቱ የሚቀር ሰው እንዳይኖር ብዬ ነው።

የቀረኝ ፔሌቱ ነበር። የግቢ ምድጃ የሚሸጥበት ሱቅ ገባሁ። የፖም እንጨት፣ የቼሪ እንጨት፣ ሂከሪ የሚሉት የአሜሪካ እንጨት፣ ሁሉም በሚያምር ከረጢት ተደርድሯል። ዋጋውን ሳይ ሥጋውን አቃጥሎ እንጨቱን መብላት የሚያዋጣ መሰለኝ። ባሕር ተሻግሮ መጥቶ አመድ ለሚሆን ነገር! ሻጩ የቼሪው ጭስ ለስለስ ይላል፣ የሂከሪው ጠንከር ይላል እያለ እንደ ሽቶ ሊያስሸትተኝ ሞከረ። አሸተትኩት። ሁሉም ሰጋቱራ ሰጋቱራ ይላል። መሐንዲስ የመሆን ጣጣው ይኸውላችሁ፤ ያልገባህን ነገር ሁሉ በስሌት ታቀለዋለህ። እንጨት ያው እንጨት ነው፣ ጭስም ያው ጭስ ነው ብዬ ወጣሁ።

ከከተማው ወጣ ብሎ የእንስሳት መኖ የሚሸጥበት ግቢ አለ። በዚያ ሳልፍ ደጃፉ ላይ የተቆለሉ ትልልቅ ከረጢቶች አየሁ። ቀርቤ በላስቲኩ ውስጥ ባይ፣ ፔሌት! ያው ቅጥነት፣ ያው መልክ፤ የጥድ እንጨት፣ ምንም ኬሚካል የሌለበት ይላል። ዋጋው ደግሞ የሚያስቅ ነው። ከረጢቱ ላይ ፈረስ ተስሏል። በሥዕሉ አልተጨነቅሁም። እኛ ያደግነው እንስሳ የተሳለበት ክብሪት እየጫርን፣ ወፍ የተሳለበት ሳሙና እያሻሸን ነው፤ ሥዕል ለጌጥ መሆኑን እናውቃለን። ሻጩ «ስንት ፈረስ አለህ?» ሲለኝ የሰፈሩ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁና «መኪና ብቻ ነው ያለኝ» አልኩት። ትከሻውን ሰብቆ ሁለት ከረጢት ጫነልኝ። ወደ ቤት ስነዳ፣ ያንን ሁሉ ቼሪና ሂከሪ የሚገዛው ሕዝብ አሳዘነኝ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ምድጃውን ለኮስኩ። ጭሱ ወፈር፣ ጠቆር ያለ ነበር፤ የጥራት ምልክት ነው ብዬ ተረጎምኩት። አጠገቡ ስቆይ አፍንጫዬ ጭሱን ስለለመደው ምንም አይሸተኝም። ትዕግስት ወጥ ከምትሠራበት ኩሽና ብቅ ብላ «ደግሞ ዛሬ ምን ቫርኒሽ ትቀባለህ?» አለችኝ። ቀልዷን ስለማውቅ ወደ ምድጃዬ ዞርኩ። ፍርምባው ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ሆኖ ሲወጣ በኩራት ሰሃን ላይ አጋደምኩት፤ የአቶ ሸምሱንም በራሱ ሰሃን።

ሽማግሌዎቹ በሰዓታቸው ደረሱ። ከፊት ጋሽ ኤርሱሞ፣ ቶኮዛ ውስጥ ሱቅ ከከፈቱ የመጀመሪያዎቹ አበሾች አንዱ፤ ቀጥሎ የልጁ ቤተ ክርስቲያን ፓስተር፤ ከኋላ አቶ ሸምሱ። ምድጃው አጠገብ ሲያልፉ ሦስቱም ቆም አሉ። ይኸውና ሠራ፣ አልኩ በልቤ። ሳሎን ገብተው እንደ ደንቡ ቆሙ። የጋሽ ኤርሱሞ ዓይን እንባ አቅርሯል፤ ፓስተሩ መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘዋል። ልባቸው ተነክቶ ነው ብዬ እኔም ትንሽ ራራሁ።

«አረፍ በሉ እንጂ» አልኩ፣ እንደማይቀመጡ እያወቅሁ።

«የለም ኢንጂነር፣ ቆመን ነው የምንናገረው» አሉ ጋሽ ኤርሱሞ። «ልጃችን ተመስገን ልጅዎን ለትዳር ፈልጎ ልኮናል። ልጅ ከባድ ነገር ነው። ዛሬውኑ መልስ ስጡን ብለን አናስጨንቅዎትም። መክራችሁ፣ አስባችሁ፣ ከወር በኋላም ቢሆን እንመለሳለን።»

«ሁለት ወርም ቢሆን» አሉ ፓስተሩ ከመሐረባቸው ሥር። «ጸሎት ያስፈልገዋል።»

አቶ ሸምሱ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ነበር።

ደነገጥኩ። ይህ እኮ የእኔ ንግግር ነው! ቀጠሮ የምሰጠው እኔ፣ የሚለምኑት እነሱ! ሽማግሌ በገዛ እጁ ቀጠሮ ሲያራዝም ማን ሰምቶ ያውቃል? በአንድ ጊዜ አእምሮዬ መቶ ቦታ ሮጠ። ምን ሰምተው ነው? ልጄ ምን ጎደላት? መልክ ነው፣ ትምህርት ነው፣ ጠባይ ነው? ሊጠይቁ መጥተው፣ ቤቴን አይተው፣ ሐሳባቸውን ለወጡ ማለት ነው? ደሜ ፈላ። ከስንት ጊዜ ጀምሮ ሳጠናው የነበረው «እንመክርበታለን» ከአፌ ጠፋ።

«ምን ምክር ያስፈልገዋል?» አልኩ ጮክ ብዬ። «ሰጥተናል! ልጃችንን ለልጃችሁ ሰጥተናል! ተቀመጡ!»

ትዕግስት ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ዘገየች። ጋሽ ኤርሱሞ ፓስተሩን አዩ፤ ፓስተሩ አቶ ሸምሱን አዩ። እሺ የተባለ ሽማግሌ አመስግኖ ይቀመጣል፤ የተቀመጠ ይበላል። ጎንበስ ብለው አመሰገኑና ተቀመጡ። ትዕግስት የወጡን ድስት ልታመጣ ስትነሣ «ቆይ!» አልኳት። «መጀመሪያ የእጄን ይቅመሱልኝ።» ፍርምባውን ቆረጥኩ፣ በእንጀራ ጠቀለልኩ፣ ተነሥቼም አጎረስኳቸው። ጉርሻ አይመለስም። አቶ ሸምሱ ፈገግ ብለው «እኔ እንኳ በሃይማኖቴ...» ሲሉ ሁለተኛውን ሰሃን አቀረብኩላቸው። «ሐላል ነው፣ ከሰፈርዎ ነው የገዛሁት» አልኩ። ፈገግታቸው ቀስ ብሎ ጠፋ።

ሦስቱም ረጅም ጊዜ አኘኩ። ጋሽ ኤርሱሞ ዓይናቸውን ጨፍነው ዋጡና «እጅዎ ይባረክ» አሉ። ፓስተሩ ምን ቅመም እንደገባበት ጠየቁኝ። «የእንጨቱ ነው!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ፤ ደገምኳቸው። ከዚያ ነው ራሴ የጎረስኩት።

የወለል ሰም። ትናንት ቫርኒሽ የተቀባ የትምህርት ቤት ዴስክ ብትልሱ ጣዕሙ እንዲህ ነው። የጥዱ ሙጫ ከሥጋው ጮማ ጋር ተዋህዶ ምላሴ ላይ ተለጠፈ። ትዕግስት ወጣ ብላ ባዶውን ከረጢት ይዛ ተመለሰች፤ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብላ የጀርባውን ጽሑፍ በአማርኛ ነገረችኝ፤ «ፈረስ ጋጣ ውስጥ የሚነጠፍ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሰሃኑን ላነሣ እጄን ስዘረጋ ጋሽ ኤርሱሞ ቀድመውኝ በራሳቸው እጅ አንድ ቁራጭ አነሡ።

«ይተዉት ጋሽ ኤርሱሞ፤ ተበላሽቷል። አውቄዋለሁ አሁን» አልኳቸው።

«ኢንጂነር፣ ከበር ጀምሮ አውቀነዋል» አሉ እየሣቁ። «ሱቄ የተዘረፈ ዕለት የራሱን ሱቅ ዘግቶ መጥቶ ከጎኔ የቆመው ይህ ልጅ ነው። ሸቀጡን ከፍሎ ሱቄን ሞላልኝ፤ እስከ ዛሬ አንድ ቀን አላነሣብኝም። ስለ ተመስገን ብዬ ሥጋውን አይደለም፣ ከረጢቱን ብሉ ቢሉኝ እበላለሁ።» ፓስተሩም ከልብ እየሣቁ ቆረሱ። አቶ ሸምሱ «ልጁ እኔ ዘንድ ሲመጣ እኮ ሻይ የሚያፈላልኝ እሱ ነው» ብለው ከሰሃናቸው አነሡ።

ክረምቱን ሙሉ አመላልሼ ላጣራው ያሰብኩትን እነዚያ ሦስት ሰዎች ቁጭ ብለው፣ እያኘኩ፣ ነገሩኝ። ሰው ስለ አንድ ጎረምሳ ብሎ ይህን የሚውጥ ከሆነ፣ ሌላ ምን ምስክር ይቆጠራል? ልቤ ደስ አለው፤ ደግሞም ከፋው። እምቢ የምልበት ምክንያት አለቀብኝ።

ማህሌት ተጠራች። የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ፣ አጠገቤ ተቀመጠች። ይህች ልጅ በምግብ ጉዳይ ለእኔ አዝና አታውቅም። የሦስት ዓመት ሕፃን ሆና የጠበስኩላትን ዕንቁላል ተፍታ «ይህ አይበላም» ብላኛለች፤ ካደገች በኋላም ያጠፋሁትን ሁሉ ፊት ለፊት ነው የምትነግረኝ። ከፍርምባው ቆረሰች። ጠበቅሁ። እንዲያውም ጓጓሁ፤ እንድትጮህብኝ፣ ሰሃኑን ወዲያ ገፍታ «ኦ ማይ ጋድ፣ አባዬ!» እንድትለኝ ፈለግሁ። እሷ ግን ቀና ብላ ሽማግሌዎቹን አየች፤ ቀስ ብላ አኘከች፤ ዋጠች።

«በጣም ይጣፍጣል አባዬ፤ እጅህ ይባረክ» አለችኝ።

እንግዶቼ አራት መሆናቸው ያኔ ገባኝ።