ማማ የጠፉ ቀን

እናንተ፣ ሊፍት ውስጥ ሰላምታ ሰጥታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰጥቻለሁ። ዓረብ አገር በገባሁ በማግስቱ ነው። የአሠሪዬ ቤት አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሊፍቱ ውስጥ አንድ ሰውዬ ቆመዋል። እኛ መካነ ሰላም ሰው አይቶ ዝም ማለት ነውር አይደል? እጅ ነሣሁና፣ እንደምን አሉ፣ ልጆች ደህና፣ ከብቱ ደህና እያልኩ ገና ዝናሙ ጋ ሳልደርስ በሩ ተከፈተ። ሰውዬው ሸሹ። ያገሬ ሰላምታ ለካ ከአሥራ አራት ፎቅ ይረዝማል!

ደግሞ ዓረብኛ እችላለሁ ብዬ ነው የሄድኩት። አትሳቁ። የመሪጌታ ልጅ ብሆንም ወሎዬ ነኝ፤ ወላሂና ኢንሻላህ እያልኩ ነው ያደግኩት። ማዳም፣ አሠሪዬ ማለት ነው፣ ለምትለው ሁሉ «ኢንሻላህ» እያልኩ ሁለት ቀን ተከብሬ ኖርኩ። ቋንቋ ታውቃለች ተባለልኝ። በሦስተኛው ቀን ነጩን መጋረጃ ከቀዩ ጨርቅ ጋር እንዳላጥብ ነግራኝ ኖሯል። «ኢንሻላህ» አልኩና አንድ ላይ ዘፈዘፍኩት። ሳሎኑ ሮዝ ሆነ። ያላወቁ አለቁ!

ከሁሉ የከበደኝ ግን «አንቱ»ን ማጣት ነው። ቤቱ ውስጥ የማዳም እናት ነበሩ፤ ማማ ነው የምንላቸው። ሰማንያ ያለፋቸው፣ ነገር የሚጠፋባቸው ባልቴት ናቸው። ዋናው ሥራዬ እሳቸውን መጠበቅ ነው። እሳቸውን «ኢንቲ» በይ አለችኝ ማዳም፤ አንቺ እንደማለት። የእናቴን እናት የሚያክሉ ሰው እንዴት አድርጌ? አባቴ ጋ ደውዬ ጠየቅኋቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «በአፍሽ አንቺ በይ፣ በወገብሽ አንቱ በያቸው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ «ኢንቲ» ባልኩ ቁጥር ጎንበስ እል ነበር። ማዳም ወገቧን ያማታል ብላ ቅባት ገዛችልኝ።

ማማም የዚያ ከተማ ሰው አልነበሩም። ተራራ ላይ ካለች መንደር በጋብቻ የወረዱ ናቸው። የአሸዋ ነፋስ ተነሥቶ ከተማውን ሲሸፍነው፣ ሁለታችን መስኮቱ ጋ እንቆማለን። እኔ ከዓባይ ሸለቆ ሽቅብ የሚወጣው ጉም ይታየኛል። ከጉሙ በላይ ብቅ ያሉት ፎቆች አምባ ይመስሉኛል፤ ማዶ ውሻ የሚጮህ፣ እሸት የሚሸት ይመስለኛል። እሳቸው ምን እንደሚያዩ እንጃ። ብቻ «ደረስን?» ይሉኛል። «ትንሽ ቀረን» እላቸዋለሁ። ውሸት ነው ትሉኛላችሁ? እኔም በዚያ ሰዓት የምደርስ ይመስለኝ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሩዝ ጥጄ ስመለስ የማማ ወንበር ባዶ ነው። የውጭው በር ተከፍቷል። ማዳም ሥራ ላይ ናት። እኚህ ሴት መኪና ቢገጫቸውስ? ምን ብዬ እናገራለሁ? በየትኛው ቋንቋ? ሊፍቱ አልመጣ አለኝ። በደረጃ ወረድኩ፣ በባዶ እግሬ፣ የማውቀውን ታቦት ሁሉ እየጠራሁ። ሰባተኛው ፎቅ ላይ የእኛ ወረዳ ታቦት አለቀብኝና ወደ ወረኢሉ ተሻገርኩ።

ከሕንጻው ጀርባ አትክልተኛው ውሃ ያጠጣት አንዲት ቁራሽ መሬት አለች። ማማ እዚያ ጫማቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን ጭቃው ውስጥ ከተው ተቀምጠዋል። ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቷል። ላነሣቸው ስል እጄን ያዙኝ።

«ቢንቲ፣ ተቀመጪ። መሬቱ ቀዝቃዛ ነው።»

ቢንቲ ልጄ ማለት ነው። ልጄ ከተባልኩ ስንት ጊዜዬ! ተቀመጥኩ። እግሬንም ከተትኩ። ውሃ የጠጣ አፈር ሽታው የትም አገር አንድ ነው ለካ። ስንት ሰዓት እንደቆየን አላውቅም።

ማዳም ከሥራ ስትመለስ አየችን። ጮኸች። እኔ ከጭቃው ብድግ አልኩ። ማማ ግን ቀና ብለው፣ «አንቺም ጫማሽን አውልቂ» አሏት። ማዳም እናቷን ትክ ብላ አየች። ከዚያ ያንን ተረከዘ ረጅም ጫማዋን አወለቀች። ሩዙ አርሮ ድስቱ ተጣለ፤ ማንም አልተቆጣኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀሐይ በረድ ሲል መውረድ ልማዳችን ሆነ።

ስድስት ዓመት ኖሬ ዘንድሮ መካነ ሰላም ገባሁ። ሰው አገሩ ሲገባ ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስለዋል። የት አባቱ! ብርዱ አጥንቴን ይበላኛል። የማውቃቸው ልጆች አግብተው፣ የማውቃቸው ሽማግሌዎች ሞተው ጠበቁኝ። ጎረቤት ሳያንኳኳ ሲገባ እደነግጣለሁ። ግን ለማን ይነገራል? አገሯ ገብታ ደግሞ ምን ጎደለባት ይሉኛላ።

ባለፈው ሳምንት ማዳም ደወለች። ማማ አስቸግረዋታል። ለመጣው እንግዳ ሁሉ፣ ልጄ ተሰደደች፣ ብቻዋን ሰው አገር ናት እያሉ ያለቅሳሉ አሉ። ስልኩን ሰጠቻቸው።

«ቢንቲ» አሉኝ፣ «ሰዎቹ ደጎች ናቸው? አገሩን ለመድሽው ወይ?»

አገሬ ከገባሁ ይህን የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም።

«ደጎች ናቸው፣ ማማ» አልኳቸው። «እየለመድኩ ነው።»