አባቴ ስንት ልጅ አለው?

ሰውን እውነት ማናገር ቀላል ይመስላችኋል? ፍኖተ ሰላም ያለው መሥሪያ ቤታችን በየጊዜው ግምገማ እየተቀመጠ ይሞክረዋል። እስከ ዛሬ ግን ከማርፈድ ያለፈ ኃጢአት የተናዘዘ አላየሁም። «ሆድ ይፍጀው» ባገራችን ከሕገ መንግሥቱ በፊት የጸደቀ ሕግ ነው። ይህን ሕግ የአንገት ቀዶ ጥገና እንደሚሽረው ያወቅሁት በአባቴ ነው።

አባቴ ቡሬ አጠገብ የሚያርስ፣ ቃል የሚቆጥብ ገበሬ ነው። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለስ ዱላው ከቀኝ እጁ ወደቀ፤ አንደበቱም ተሳሰረ። ጥቂት ቆይቶ ለቀቀው። እኛ ግን ፈራን፤ ታላቅ ወንድሙንም እንዲሁ ጀምሮት ነው አልጋ ላይ ያስቀረው። ሪፈር ተጽፎለት አዲስ አበባ ወሰድነው። ሐኪሞቹ ወደ አንጎል ደም የሚያደርሰው የአንገቱ የደም ሥር ሊደፈን ምንም እንዳልቀረው፣ ካልተጠረገ የሚቀጥለው እንደማይምረው ነገሩን።

የማደንዘዣ ባለሙያው ጠጉሩ የሸበተ ትሁት ሰው ነበር። አባቴን አያስተኙትም፤ አንገቱ ብቻ ይደነዝዛል። የደም ሥሩ ለጥገናው ሲታሰር ጥያቄ ይጠይቁታል፤ መልሱ ከተዛባ አንጎሉ ደም አጥቷል ማለት ነው። «እውነቱን ብቻ ይመልሱልኝ፤ ነፍስዎ በዚያ ላይ ናት» አለው። አባቴ እንደ መሐላ ተቀበለው።

እኔና እናቴ በር ላይ ቆመን ስንጠብቅ አንዲት ነርስ ብቅ አለችና ስንት ልጆች እንደሆንን ጠየቀችኝ። ሦስት አልኋት። ፊቷ ተለወጠ፤ «እሳቸው አራት አሉ» ብላ ተመልሳ ሮጠች። አንጎሉ ደም አጣ ብዬ ማልቀስ ጀመርሁ። እናቴ ግን አላለቀሰችም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። በኋላ እንደሰማነው፣ ደም የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ነው የጨረሱት።

በማግስቱ አባቴ እጁም አንደበቱም ደህና ነበር። ባለሙያው ሊጠይቀው መጥቶ፣ ትናንት ልጆቹን አራት ብሎ እንዳስደነገጣቸው አጫወተው። አባቴ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተከለ።

«አልተሳሳትሁም ጌታዬ። እውነቱን ተናገር አላችሁኝ። መራዊ ከተማ አንድ ልጅ አለኝ።»

ዕድሜዬን ሙሉ በበኩርነቴ የኮራሁት እኔ፣ ስንተኛ እንደሆንሁ በጣቴ መቁጠር ጀመርሁ።

እናቴ የብርድ ልብሱን ጫፍ እያስተካከለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ ወደ ባለሙያው ዞረች።

«የለም፣ እናንተ ልክ ናችሁ፤ አእምሯቸው ስቶ ነበር። የደምበጫዋን ዘንግተዋታል።»