ደላላው ያልወደዳት ድመት

ቤት ሸጣችሁ ታውቃላችሁ? ካልሸጣችሁ፣ ደላላ በቤት እንስሳ ላይ ያለውን ጥብቅ ሕግ አታውቁም። በእሱ ዓይን ጥሩ ቤት ማለት ማንም፣ ድመት እንኳ፣ ኖሮበት የማያውቅ ቤት ነው።

እኔ መምህር ነኝ። ወደ ቴፒ ስዛወር አማን ከተማ ያለውን ቤቴን የሚያሻሽጥልኝ ዘነበ የሚባል ደላላ ያዝኩ። ገና ከመግባቱ ድመታችንን ዳልቻን አይቶ ፊቱን አጨማደደ።

"መምህር፣ ይህቺ እንዳትታይ። ድመት ያየ ገዢ አይጥ አለ ብሎ ይሸሻል።"

ባለቤቴ ብርቄ እያዘነች ዳልቻን ጓዳ ዘጋችባት።

ገዢዋ ከጌጫ የመጡ የኮረሪማ ነጋዴ፣ ወይዘሮ አበበች ነበሩ። ዘነበ ሳሎን መሃል ቆሞ፣ "እዚህ ቤት አይጥ ታይቶ አይታወቅም" ሲል ዳልቻ በጓዳው መስኮት ወጥታ በዋናው በር ገባች። በአፏ የያዘችው አይጥ ገና ይንፈራገጣል። አምጥታ ዘነበ እግር ሥር አስቀመጠችው። ዘነበ ላቡን ጠረገ፤ እኔም ሽያጩ ቀረ አልኩ።

"አይጥማ የትም አለ" አሉ ወይዘሮ አበበች። "እኔ ያጣሁት ጆንያዬን የሚጠብቅልኝ ነው። ቤቱን ከነድመቷ እገዛለሁ።"

"እንግዲያው ቤቱ አይሸጥም" አለች ብርቄ።

"ኧረ እትዬ ብርቄ፣ ድመት እኮ ናት" ብሎ ዘነበ ለመናት። ብርቄ ንቅንቅ አላለችም።

ወይዘሮ አበበች ሳቁ። "በሉ እሺ፣ ስትወልድ አንዱን ላኩልኝ" አሉ። በዚያው ቀን ተዋዋልን።

ወደ ቴፒ የሄድን ዕለት ዘነበ ዕቃችንን የጫነውን መኪና በር ከፍቶ ዳልቻን ከብርቄ ጋር ጋቢና አስገባት። እኔ ከኋላ፣ ፍራሹ ላይ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ።