ሚጥሚጣ የገባበት ጠላ

ጠላዋ በሆመጠጠ ቁጥር ሰው የምትጠረጥር ጠማቂ ገጥማችሁ ታውቃለች? የመቱዋ እትዬ ብርቄ እንዲያ ናቸው። ባለፈው ጊዜ ከጌሾው ጋር ሚጥሚጣ ጨምረው ጠመቁና ጎረቤቱን ጠሩ። «ጠጥቶ ያሳለ፣ ጠላዬን በዓይኑ የሚበላው ቡዳ እሱ ነው!»

እኔ ደግሞ ልጄ ለጎሬ ሰው ታጭታለች። የቡዳ ልጅ ማን ያገባል?

ጠጣን። ጉሮሯችን ነደደ፣ እንባችን ወረደ፤ ማንም ግን አላሳለም። አጠገቤ የተቀመጡት ጋሼ ተሊላ ዓይናቸው ደም መስሎ «እንዴት ይጣፍጣል!» አሉ።

ያኔ ማንም ከሌለበት ጓዳ፣ ከጋኖቹ መካከል፣ አንድ ነገር ረጅም ሳል አሳለ።

እናንተ ብትሆኑ በሩን ሰብራችሁ ትወጡ ነበር፣ አይደል? እኛ እፎይ አልን። «ገለታ ዋቃ! ከእኛ ውስጥ አይደለም!» አሉ ጋሼ ተሊላ። ከዚያ ሁላችንም እስኪወጣልን አሳልን፤ ጓዳ ያለውም አብሮን።