ድልድይ ያላት ከተማ

እኔ ተከታታይ ድራማ አልከታተልም። ባለቤቴ አስቴር ትከታተላለች፤ እኔ ደግሞ እሷ በምትከታተልበት ክፍል ውስጥ እቀመጣለሁ። ልዩነቱ መቼም ይገባችኋል።

ድራማው የውጭ ነው፤ ወደ አማርኛ የተመለሰ። ጌታውም ሎሌውም የኛን ቋንቋ ያቀላጥፉታል። የማይናገሩት ነገር የለም፤ አንድ ነገር ሲቀር። የት እንዳሉ አይናገሩም። «ከተማ ገባ»፣ «ከተማዋን ለቃ ሄደች» ይባላል እንጂ ስሟ አይጠራም። ባሕር አላት። ባሕሩ ላይ የተዘረጋ ረጅም ድልድይ አላት። ሲመሽ መብራቱ ውሃው ላይ ይንቀጠቀጣል። በቃ። ታዲያ አዳማ ቁጭ ብላችሁ፣ ያ የከተማችን ንፋስ አቧራውን በመስኮት እያስገባላችሁ፣ ይህን ስታዩ የት ነው አትሉም?

ግቢያችን በሙሉ «የት ነው?» አለ። አስቴር ዱባይ ነው ብላ ድርቅ አለች። ማስረጃዋ የድራማው ቤት መጋረጃ ነው፤ እንዲህ ያለ መጋረጃ ከዱባይ በቀር ከየትም አይመጣም። እኔ ሞጆ ደረቅ ወደብ የምሠራ ትራንዚተር ነኝ። የሰው ዕቃ ከጉምሩክ አስለቅቃለሁ፤ ዕቃው የየት አገር ሥራ እንደሆነ ሳጣራ ነው የምውለው። ስለዚህ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔም ሰው ሲያከብረኝ እምቢ ማለት አይሆንልኝምና «አጣራለሁ» አልኩ።

ከሁሉ ይልቅ ነገሩ የከነከናቸው እትዬ ዘይነባ ነበሩ። እትዬ ዘይነባ ከኛ ቀጥለው ያሉ ጎረቤታችን ናቸው፤ ገበያ ላይ የመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸጣሉ። ባላቸው ሞተዋል። ሀያት የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። ሀያት ቤሩት ሰው ቤት ልትሠራ ከሄደች ሁለት ዓመት አልፏታል። እትዬ ዘይነባ ቲቪ ስለሌላቸው ድራማው ሲደርስ ሻሻቸውን አስተካክለው ይመጡና በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ታሪኩ ግን ጉዳያቸው አይደለም። ማን ማንን እንዳገባ ብትጠይቋቸው አያውቁም። እሳቸው የሚያዩት ከሰዎቹ ጀርባ ያለውን ነው። መንገዱን፣ ሱቁን፣ ሰገነቱን።

አንድ ቀን «ይቺ ቤሩት ናት» አሉ።

እንዴት አወቁ አልኳቸው። ሀያት በስልክ «ባሕር አለ» ብላቸው ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ ድራማው ድራማ መሆኑ ቀረ። ሱቅ ሲያዩ «ከዚህ ይሆናል የምትገዛው» ይላሉ። ዝናብ ሲዘንብ «ያ ረቢ! ልብስ አስጥታ እንዳይሆን» ይላሉ። ጀግናዋ እያለቀሰች በመንገድ ስትሮጥ፣ እሳቸው ከኋላ የሚያልፉትን ሴቶች አንድ በአንድ ይፈትሻሉ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። ማን እንዳለው አላውቅም። ልጁን ዓረብ አገር የላከ ሰው እንዳልሆነ ግን እገምታለሁ።

አንድ ምሽት ከጀግናዋ ኋላ አውቶቡስ አለፈ። ጎኑ ላይ ጽሑፍ አለ። አናቱ ላይ ነጥብ ነጥብ የተደፋበት የፈረንጅ ፊደል። እንዲህ ያለውን ፊደል ከቱርክ በሚመጣ የጨርቅ ካርቶን ላይ ስንቴ አይቼዋለሁ! ከተማዋ ቤሩት አይደለችም። የቱርክ ናት።

ለአስቴር ወጥ ቤት ገብቼ ነገርኳት። ኩራት ኩራት እያለኝ ነበር።

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?» አለችኝ።

«እነግራቸዋለሁ እንጂ!»

«ሴትዮዋ በየምሽቱ ልጃቸውን እየጠየቁ ነው። አንተ በር ልትዘጋባቸው ነው?»

እትዬ ዘይነባ «አጣራህ ወይ?» ሲሉኝ «ገና ነው» እያልኩ ሰነበትኩ።

ሀያት የምትደውለው ሲፈቀድላት ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘይነባ እኛ ቤት እያሉ ደወለች። ጆሯቸው ደከም ስላለ ስልኩን ተቀብዬ ድምፁን ከፍ አደረግኩላቸው። ስለ ጤና፣ ስለ ገበያ ተባለና፣

«ሀያትዬ» አሉ እናቷ፤ «ያ ባሕሩ ላይ ያለው ረጅም ድልድይ፣ ታዪዋለሽ?»

«የቱ ድልድይ?»

«ትልቁ ነዋ። ሲመሽ የሚያበራው።»

«እ… አዎ እማ። ትናንትም በዚያ አልፈናል። በጣም ያምራል።»

አስቴርን አየኋት፤ ዓይኗን መለሰች። ቱርክ ያለ ድልድይ ላይ ቤሩት ያለች ልጅ አለፈች። ምን ማለት ነው? አንድ ነገር ብቻ ነው። ይቺ ልጅ ያለችበትን ከተማ አይታው አታውቅም።

እትዬ ዘይነባ መርቀው ስልኩን ዘጉ። ሻሻቸውን አስተካከሉና፣

«ድልድይ የለም» አሉ።

አልገባኝም።

«ከቤሩት የተመለሰች አንዲት ልጅ ገበያ መጥታ ጠየቅኳት። እንዲህ ያለ ድልድይ እዚያ የለም፣ ሌላ አገር ነው አለችኝ። ሀያትን የጠየቅኳት ከቤት ትወጣ እንደሆን ላውቅ ነው።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «አንተም ታውቅ ነበር።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ለካ እኔ ለእሳቸው ስል እደብቃለሁ፣ እሳቸው ያውቃሉ፤ ልጅቱ ለእናቷ ስትል ትዋሻለች፣ እናቷ ታውቃለች።

መልሰህ ደውል አሉኝ። ደወልኩ።

«ሀያት፣ ድልድይ የለም። ከቤት ትወጫለሽ ወይስ አትወጪም?»

«በረንዳ እወጣለሁ እማ። ልብስ ሳሰጣ።»

«ምን ይታይሻል?»

«የጎረቤት ግድግዳ።»

«ባሕሩስ?»

«ከአውሮፕላን የወረድኩ ቀን፣ በመኪና መስኮት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎሽ ስትጠይቂኝ ምን ልበልሽ?»

እትዬ ዘይነባ አላለቀሱም። «ነይ» አሉ። ልጅቱ ስለ ኮንትራቷ፣ አሠሪዋ ስለያዘችባት ፓስፖርት መናገር ስትጀምር አላስጨረሷትም። «እሱን ለኔ ተይው። ነይ አልኩሽ።»

ነይ ማለቱ ቀላል ነው። ማምጣቱ ግን ክረምቱን በሙሉ ፈጀ። እትዬ ዘይነባ ቲማቲማቸውን ለጎረቤት እየተዉ አዲስ አበባ ተመላለሱ። ልጅቱን የላከው ኤጀንሲ በር ላይ ተቀመጡ፤ ነገ ሲሏቸው ነገ፣ ከነገ ወዲያ ሲሏቸው ከነገ ወዲያ ይሄዳሉ። አንድ ቀን አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ጸሐፊዋ አለቃው የሉም አለቻቸው። «እጠብቃለሁ» አሉ። አገር ውስጥ የሉም አለቻቸው። «ይሁን፣ እጠብቃለሁ» አሉ። እኔ አፈርኩ፤ እሳቸው አላፈሩም። በመጨረሻ ኤጀንሲው ተሸንፎ ፓስፖርቷን ከአሠሪዋ አስለቀቀ፤ መስቀል ሳይደርስ ሀያት መጣች።

ቀጥናለች። ድምጿ አንሷል። በር ሲዘጋ ቀና ትላለች። አሁን ከእናቷ ጋር ገበያ ትውላለች።

የመጣች ሰሞን አስቴር ለደግ ብላ ድራማውን ከፈተችላት። ድልድዩ መጣ። ሀያት ትንሽ አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ ይሄ የት ነው?»

«ቱርክ ነው። ስሙን አይናገሩም እንጂ።»

«ያምራል» አለች። ከዚያ ተነስታ ጫማዋን ማጥለቅ ጀመረች።

«ወዴት ነው?» አሉ እናቷ።

«ልውጣ ብዬ ነው።»

«ምን ልታመጪ?»

«ምንም።»

እትዬ ዘይነባ መልሰው አልጠየቁም። ይኸው እስካሁን ድራማው ሲጀመር ሀያት ትወጣለች። በባጃጆቹ መሃል፣ በእግሯ፣ እስከ ዋናው አስፋልት። ስትመለስ እናቷ «የት ደረስሽ?» ይሏታል።

«የትም።»

«እሰይ» ይላሉ እትዬ ዘይነባ። «ነገም ሂጂ።»