ሪፕሌስ ኦል የነካው መዝሙር

ዜማ ሃይማኖት የለውም። ገና ከመጀመሪያው መስመር ልትቆጡኝ እንደምትችሉ አውቃለሁ፤ ግን ታገሱኝ። ይህን የምለው ተመራምሬ አይደለም። አዳማ ውስጥ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ስላለኝ ነው። ሰንበት ተማሪው መዝሙሩን የሚያስጽፈው እኔ ዘንድ ነው፤ የኳየሩ መሪም እኔው ዘንድ ነው፤ የመንዙማ ግጥም ይዘው የሚመጡ ደንበኞችም አሉኝ። ደግሞ ማንም ቢሆን መዝሙር ሲያስጽፍ አፉ ዝም አይልም፤ አጠገቤ ቆሞ ያንጎራጉራል። ጣቴ ኪቦርድ ላይ፣ ጆሮዬ እነሱ ላይ ስለሚውል፣ ጠዋት ነጠላ ለብሳ የገባች ዜማ ከሰዓት ከረባት አስራ ስትመጣ ወዲያው አውቃታለሁ። አንዳንዴማ ደኅና ዋልሽ ልላት ይቃጣኛል።

ባለቤቶቿ ግን እርስ በርስ አይተማመኑም። እነዚህ ያነሱት ከእኛ ነው ይላሉ፤ እነዚያ ደግሞ የእኛን ነው ያበላሹት ይላሉ። አንድ ቀን ከሁሩታ ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣ ገበሬ ሁለቱ ወገኖች ሲከራከሩ ሰምቶ፣ «ይህቺንማ እኛ እህል ስናበራይ ለበሬዎቹ የምንላት ናት» ብሎ ቁጭ አለ። ሁለቱም ገላመጡት። በሬዎቹ እስከ ዛሬ ድረስ የመብት ጥያቄ አላቀረቡም።

እኔ በበኩሌ አልፈርድም። ቤት የገዛ ሰው ግድግዳውን በወደደው ቀለም ይቀባል። መዝሙርም እንዲሁ ነው፤ አንድ ስም ይወጣል፣ ሌላ ስም ይገባል፣ አንድ የማይመች ስንኝ ይቆረጣል፣ ከዚያ እልል ተብሎ ይገባበታል። ችግሩ የሚመጣው አሮጌው ባለቤት ገና ከቤቱ ሳይወጣ ቀለም ቀቢው የደረሰ ዕለት ነው።

የእትዬ ዘነበች ነገር እንደዚያ ነበር።

እትዬ ዘነበች ጎረቤቴ ናቸው። ባላቸው በጭነት መኪና ወደ ሻሸመኔ እንደወጣ ስላልተመለሰ (መኪናው እንኳ ተመልሷል)፣ አንድ ልጃቸውን ሜሮንን በርበሬና ሽሮ እያዘጋጁ ለብቻቸው አሳደጉ። ሜሮን ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ስትመለስ ዲግሪ ይዛ፣ ጴንጤ ሆና መጣች። እትዬ ዘነበች ሦስት ወር አለቀሱ፤ ከዚያ ደከማቸውና ተዉት። ቀጥሎ ዱከም ፋብሪካ የሚሠራ ናትናኤል የሚባል፣ ጨዋ የጴንጤ ልጅ ለጋብቻ ሽማግሌ ላከ። እትዬ ዘነበች ሁሉንም እሺ አሉ። ሰርጉ በእነሱ ቸርች ይሁን፤ እሺ። ጠላና ጠጅ ይቅር፤ እሺ፣ እሱ ላይስ ትንሽ አንገራገሩ። አንድ ነገር ብቻ እንቢ አሉ። ሜሮን ከቤት ስትወጣ፣ እሳቸው ሲዳሩ እናታቸው ደጃፍ ላይ ቆመው ያሉላቸው መዝሙር እንዲባልላት ፈለጉ። እንዲህ የምትል ናት፦

ማርያም ቅደሚ ከፊቷ፣
እንዳይከብዳት መውጣቷ።
እኔ ስቀር ከደጄ፣
እናት ሁኚላት ለልጄ።

«ልጄን ወስዳችኋል፤ መሸኛዬን ግን አትወስዱብኝም። ያ ካልሆነ ደጅ ወጥቼ አልመርቅም» አሉ። እንደምታውቁት ሳይመረቅ የወጣ ሙሽራ ገና ሳይርቅ ይቆጨዋል። ሜሮን ይህን ስትሰማ ቬሎ መለካቷን ትታ አለቀሰች።

የሙሽራው አባት አቶ ተክለማርያም ይባላሉ። የቸርቻቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ሲናገሩ ጣታቸውን እንደ ኳየር መሪ የሚያንቀሳቅሱ ሰው። እሳቸውም በቀና ልብ፣ «ዜማው ያምራል፤ ቃሉ ግን ለእኛ አይሆንም። ወንድም ታዬ ያስተካክለዋል» አሉ። ወንድም ታዬ እኔ ነኝ። በእኛ ሰፈር ኮምፒውተር ያለው ሰው የነገረ መለኮት ሊቅ ተደርጎ ይቆጠራል።

ሱቄ ውስጥ ኮሚቴ ተቀመጠ። አቶ ተክለማርያም «ማርያም» የሚለው «ጌታ» ይባል፣ ጌታን ሁላችንም እናምነዋለን አሉ። በአመክንዮ የሚረታቸው አልተገኘም። «እናት ሁኚላት» የሚለው ደግሞ «አባት ሁንላት» ይሁን ሲሉ፣ እትዬ ዘነበች ቀና አሉ።

«አባትማ ነበራት» አሉ። «አይተነዋል።»

ከዚህ በኋላ ስለ አባት ማውራት የሚችል ሰው ጠፋ። ስለዚህ እንደማንኛውም ኮሚቴ ያልተስማማንበትን ቆርጠን ጣልነው፤ የመጀመሪያው አንጓ፣ ማለትም ሁለቱ የፊት ስንኞች፣ ተስተካክሎ እንዲቆይ፣ ሁለተኛው እንዲወጣ ተወሰነ። እትዬ ዘነበች ምንም አላሉም። እኛም ዝምታ የመስማማት ምልክት ነው ብለን በደስታ ተበተንን። ይህን አባባል ያመጣው ሰው እናት ዝም ስትል አላየም መሰለኝ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሰርጉ ነገ ነው፤ መብራት ሄዶ ሄዶ ገና አሁን መጣ፤ ደግሞ ተመልሶ መሄዱ አይቀርም። ፕሮግራሙና መዝሙሩ በአንድ ፋይል ናቸው፤ የፊት ገጹ የሰርጉ ሥነ ሥርዓት፣ የኋላው መዝሙሩ። ሪፕሌስ ኦል የምትባል ቁልፍ አለች። የሚወጣውን ቃል ትነግሯታላችሁ፣ የሚገባውን ትነግሯታላችሁ፣ ከዚያ ማንንም ሳታማክር ያገኘችውን ሁሉ ትለውጣለች። «ማርያም» ይውጣ፣ «ጌታ» ይግባ አልኩና ተጫንኳት። «ቅደሚ» የሚለውን በእጄ «ቅደም» አድርጌ ሁለተኛውን አንጓ አጠፋሁ። ሦስት መቶ ቅጂ አውጥቼ እንደጨረስኩ መብራቱ ሄደ፤ በቅልጥፍናዬም ኮራሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሚዜዎቹ በእትዬ ዘነበች ግቢ ወረቀቱን ሲያድሉ፣ አቶ ተክለማርያም መነጽራቸውን አድርገው የፊት ገጹን አነበቡ፤ አወለቁት፤ ጠርገው እንደገና አደረጉት።

«ወንድም ታዬ፣ ይህ አቶ ተክለጌታ የሚባለው ማነው?»

ሄጄ አየሁት። የሙሽራው አባት አቶ ተክለጌታ። ላቤ መጣ። ዝቅ ስል ደግሞ የምሳው አዳራሽ የሚገኘው ማርያም ሰፈር መሆኑ ቀርቶ ጌታ ሰፈር ሆኗል። ቀድመው የሄዱ እንግዶች በኋላ እንደነገሩኝ፣ አንዱ ባለ ባጃጅ ወረቀቱን አይቶ፣ «አካም ጋሼ፣ ጌታ ሰፈርማ በባጃጅ አይደረስም» ብሎ መልሷቸዋል።

ስለ ቁልፊቱ እየተንተባተብኩ አስረዳሁ። አቶ ተክለማርያም አልጮኹም፤ ጣታቸውን የተለወጠው ስም ላይ አሳረፉ። «አባቴ ያወጣልኝ ስም ነው። ስድሳ ዓመት የተጠራሁበት። እንዴት ሳትጠይቀኝ ታወጣዋለህ?»

እትዬ ዘነበች በጥልፍ ቀሚሳቸው ከበሩ ሥር ቆመው ይሰሙ ነበር። «አይ አቶ ተክለማርያም» አሉ በቀስታ፤ «እርስዎንም እንዲህ ያምዎታል እንዴ?»

የእውነቱን ልንገራችሁ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አቶ ተክለማርያም ወረቀቶቹ ይሰብሰቡ ብቻ አሉ። ሚዜዎቹ ሰበሰቡ።

ሜሮን በቬሎዋ ወጥታ ደፉ ላይ ቆመች። እናቷ አዩዋት። እንደማይመርቁ ዝተው የነበሩት ሴት ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ማንንም ሳይጠብቁ፣ በቀጭን ድምፅ ጀመሩ። በድሮው ቃል ነው የጀመሩት። «ማርያም ቅደሚ ከፊቷ» አሉ፤ «እንዳይከብዳት መውጣቷ» አሉ፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ግን እንባ ቀደማቸው። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። የሚያግዛቸው ብንፈልግ ማንም የለም። ጎረቤቶቹ ይህን የድሮ መዝሙር አያውቁትም፤ ወጣቶቹ የሚያውቁት ወረቀት ላይ የነበረውን ብቻ ነው፤ ይህን አንጓ ደግሞ በእነዚህ እጆቼ አጥፍቼዋለሁ። ሜሮን ደፉን ለመሻገር እግሯን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። እናቷ ሳይጨርሱ እንዴት ትውጣ?

ያኔ ከወንዱ ወገን፣ ከከረባቶቹ መካከል፣ አንድ ወፍራም ድምፅ ተነሣ።

«እኔ ስቀር ከደጄ፣ እናት ሁኚላት ለልጄ…»

አቶ ተክለማርያም ናቸው። ማንንም አያዩም፤ ዓይናቸውን በአበባ የተሸለመው መኪና ላይ ተክለዋል። ጣታቸው ግን እንደ ልማዱ ዜማ ይመራል። አንዲት ቃል አልሳቱም። እህቶቻቸው በተዳሩ ቁጥር እናታቸው ሲሉት የሰሙት ሰው፣ እንዲወጣ ያስወሰኑትን አንጓ ከማናችንም በተሻለ በቃላቸው ያውቁት ኖሯል። እትዬ ዘነበች በእሳቸው ድምፅ ላይ ተደግፈው ደገሙት፣ ልጃቸውን ስመው መረቁ፣ ሜሮንም ተሻገረች። እኔ አለቀስኩ። ለማስመሰልም መነጽሬን ጠረግሁ፤ መነጽር እንደማላደርግ የታወሰኝ ኋላ ነው።

የኳየሩ መሪ ግራ ገብቶት ወደ አቶ ተክለማርያም ጠጋ ሲል፣ ሳይጠየቁ ቀደሙት። «ይሄ እኮ ባህል ነው» አሉት።

ሰኞ ሱቄ መጡ። ለይቅርታ ተነሥቼ ስጠብቅ፣ ዞር ዞር ብለው አዩና ወንበር ስበው ተጠጉኝ። ያቺን ነገር በወፍራም ወረቀት እንዳወጣላቸው ፈለጉ፤ ሁለቱንም አንጓ፣ በድሮው ቃል።

«ለማን ነው?» አልኳቸው።

«ሁለት ያልተዳሩ ሴት ልጆች ቀርተውኛል» አሉ፤ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ፋይሉን መዝሙር ብለህ አትሰይመው። ባህል በለው።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። «ባህል» ብዬ የከፈትኩለት ፎልደር አሁን ጥሩ ወፍሯል። ካላመናችሁ ከሰዓት በኋላ ብቅ በሉ፤ ሰንበት ተማሪውም፣ ኳየሩም፣ የመንዙማው ሰውም ተራ በተራ ይገቡና፣ ሌላ ሰው አለመኖሩን አይተው፣ የጎረቤታቸውን መዝሙር በቀስታ ይጠይቁኛል።